ደረታችን ላይ የሰኩት ሪባን

ይህ ነገር የገጠመኝ ካቻምና በጥቅምት ወር፣ ሮም ውስጥ በምሠራበት ሆቴል ነው። ሰው አገር የሚኖር ሰው ገጠመኝ አይጠፋውም፤ የኔም ተጽፎ አያልቅም። ይኼኛው ግን ሥራ ገብቼ የልብስ መቀየሪያ ክፍሉን በር በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አንባቢም ይስማው ብዬ ጻፍኩት፤ በተለይ ሴቶች።

ሆቴሉ ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብዙ አይርቅም፣ ከፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ወረድ ብሎ ነው። እኛ ክፍል አጽጂዎች ነን። አልጋ እናነጥፋለን፣ መታጠቢያ ቤት እናጥባለን፣ እንግዳ የጣለውን እናነሳለን። ግማሾቻችን ሐበሾች ነን፤ የቀሩት ጣሊያኖችና ከፔሩ የመጡ ሴቶች ናቸው። አለቃችን ፓኦላ የምትባል ጣሊያናዊት ናት፤ ክፋት የላትም፣ ግን ሁልጊዜ እንደቸኮለች ነው። እኔ ጣሊያንኛው ከሌሎቹ ትንሽ ስለሚሻለኝ፣ ምላሴም ስለማያርፍ፣ የፓኦላን ቃል ለሴቶቹ፣ የሴቶቹን ለፓኦላ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ሁለቱም ወገን ሲናደድ ስድቡ የሚያርፈው እኔ ላይ ነው።

ከሁላችንም ታላቅ እትዬ ወሰን ናቸው። ሙሉ ስማቸው ወሰንየለሽ ነው፣ ዕድሜያቸው ሃምሳን አልፏል። ሮም ከመጡ ጀምሮ አንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት እየኖሩ ሲያስታምሙ ቆይተው፣ ሲኞራዋ ሲሞቱ ነው እኛ ጋ የመጡት። የሚኖሩት ፖንቴ ማሞሎ አካባቢ ከሌላ ሴት ጋር ተዳብለው ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምትማር አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ የሚሠሩትም የሚኖሩትም ለሷ ነው። ጾም አያጓድሉም፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ካልሄዱ ሳምንቱን ሙሉ ፊታቸው አይፈታም።

ሩት የምትባል ልጅም አለች። ከስደተኞች መጠለያ ከወጣች ብዙ አልሆናትም። ጴንጤ ናት። እሷና እትዬ ወሰን በሃይማኖት ነገር ሳይነታረኩ የዋሉበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ግን እትዬ ወሰን ምሳቸውን ሳያካፍሏት በልተው አያውቁም።

አንድ ጠዋት ፓኦላ ካርቶን ታቅፋ ልብስ መቀየሪያ ክፍላችን ገባች። ካርቶኑ ውስጥ በመርፌ ቁልፍ የሚሰኩ ትንንሽ ሮዝ ሪባኖች ነበሩ።

«ወሩን ሙሉ ዩኒፎርማችሁ ላይ ትሰኩታላችሁ፤ እንግዶቹ ደስ ይላቸዋል» አለችና አንድ አንድ አድላን፣ ስልኳ ሲጮህ ወጣች። ለምን እንደሆነ አላስረዳችም። እኛም አልጠየቅንም።

እትዬ ወሰን ሪባኑን በሁለት ጣታቸው ከፍ አድርገው ይዘው አገላበጡት።

«ይኼ የማን ማኅበር ምልክት ነው?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ እትዬ። ጌጥ ይሆናላ።»

«ጌጥ አይደለም። ሲኞራዬ ነፍሳቸውን ይማርና ይኼን ወር ሙሉ መቁጠሪያ ሲቆጥሩ ነበር የሚያመሹት። የካቶሊኮቹ የማርያም ወር ነው። ስንት ጊዜ ሜዳሊያ አንገቴ ላይ ሊያስሩ ሞክረው በስንት መከራ ነው ያመለጥኩት! እኔ ጽጌን እየጾምኩ የሌላ ማኅበር ምልክት ደረቴ ላይ አልሰካም። ሥራው እንጀራዬ ነው፤ ማተቤን ግን አልሸጥም።»

ይህን ብለው ሪባኑን አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ሩትም ከወዲያ ማዶ የራሷን ነቅላ አጠገቡ ወረወረች።

«የማርያም ከሆነ እኔም አልሰካም» አለች።

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ! ያንቺ ሌላ ነው» አሏት እትዬ ወሰን።

በሃይማኖት ተስማምተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ አቋም ቆሙ። የቀሩት ሐበሾችም አንድ በአንድ እየነቀሉ አስቀመጡ። እኔም ነቀልኩ። እውነቱን ለመናገር ስለ ማኅበሩ ግድ አልነበረኝም፤ ግን ከእትዬ ወሰን ፊት ብቻዬን ሰክቼ የምቆምበት አንጀት ከየት ይምጣ?

ፓኦላ ተመልሳ ሪባኖቹ ተቆልለው ስታይ ፊቷ ቀላ። «ምን ማለት ነው ይኼ? አድማ ነው?» አለች። ነገሩን ስነግራት አግዳሚው ላይ ዘጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኛም ሳቋ ተጋብቶብን መሳቅ ጀመርን።

«ማ ኖ!» አለች ዐይኗን እየጠረገች። «ይኼ እኮ የጡት ካንሰር ነው። ሴቶች እንዲመረመሩ ማስታወሻ ነው። ሃይማኖት የለበትም።»

አስተረጎምኩት። ሳቁ ቀጥ አለ። በእኛ ሰው ዘንድ ያ በሽታ በስሙ አይጠራም፤ «ያ ክፉው» ነው የሚባለው፤ እሱም በሹክሹክታ። አንዷ አማተበች። ሩት «በኢየሱስ ስም!» አለች። እትዬ ወሰን ሪባናቸውን አንስተው ኪሳቸው ከተቱና፣ ጋሪያቸውን እየገፉ ወጡ። አንድም ቃል አልተነፈሱም። እሳቸው የመጨረሻውን ቃል ለሌላ ሰው የሚተዉ ሴት አይደሉም።

የዚያን ዕለት ሪባኑን ሰክቼ ስሠራ አንዲት እንግዳ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ። ሪባኔን እያየች «ብራቫ!» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ፈገግ አልኩላት። አንሶላ እየቀየርኩ ግን ደሜ ይፈላ ጀመር። ምን ስላደረግኩ ነው ብራቫ የተባልኩት? እኔም ሆንኩ ሌሎቹ ስለዚህ በሽታ ከስሙ በቀር ምን እናውቃለን?

በምሳ ሰዓት ሴቶቹን አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። «ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?» አንዷ «ምን አመመኝና!» አለችኝ። ሌላዋ «በየትኛው ቀኔ?» አለች። ሌላዋ ደግሞ «ተመርምሬ ቢገኝብኝስ?» ብላ ምሳዋን ከደነች። ከእኛ መካከል የተመረመረ ሰው አልነበረም።

ከሥራ በኋላ ዐይኔን በጨው አጥቤ ፓኦላ ቢሮ ገባሁ።

«አሎራ ፓኦላ፣ ደረታችን ላይ ሪባን ሰካሽ። ደረታችንን ያየው ሐኪም ግን የለም» አልኳት።

«ሐኪማችሁ ጋ መሄድ ትችላላችሁ እኮ።»

«መቼ? የቀረ ይቆረጥበታል። ኮንትራቱ ሊያልቅ የደረሰ ደግሞ አመመኝ ማለት ይፈራል። ደግሞስ ምን ብለን? ምን እንደሚታይ፣ የት እንደሚኬድ የነገረን የለም። ሰው አምጪልን። በምንሰማው ቋንቋ እኔ አስተረጉማለሁ።»

«ቫ ቤኔ፣ አንድ ቀን ከቱርኖ በኋላ፣ ፈረቃችሁ ሲያልቅ...»

«ከቱርኖ በኋላ ማንም አይቀርም። ግማሹ ሁለተኛ ሥራ አለው፣ ግማሹ ልጁን ከትምህርት ቤት ያወጣል። በሥራ ሰዓት ይሁን፤ ደሞዝም ሳይቆረጥ።»

ፓኦላ እጇን ወደ ጣሪያ ዘረጋች። ዲሬቶሬው፣ ማለት የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ፣ እሺ አይልም አለች። «እንግዶቹ ሪባኑን ሲያዩ ደስ ካላቸው፣ ሪባኑን የሰካችው ሴት ጤነኛ መሆኗን ቢሰሙ የበለጠ ደስ ይላቸዋል በይው» አልኳት። እጠይቀዋለሁ አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እረፍት ነሳኋት። ጠዋት ሰላምታዬ «ቦንጆርኖ» መሆኑ ቀረ፤ «እህሳ?» ሆነ። መጀመሪያ ተናደደች፣ ቀጥሎ ሳቀች፣ በመጨረሻ «በቃ፣ ተፈቅዷል፤ አሁን ተዪኝ!» አለች።

ዝግጅቱ የተደረገው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። ማድረቂያዎቹ ጠፍተው ያን ያህል ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። ከኮንሱልቶሪዮ፣ ማለት ከሰፈሩ የሴቶች ጤና ጣቢያ፣ አንዲት አዋላጅ ነርስ መጣች። አጭር፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ሴት ናት። ቦርሳዋን ከፍታ ጡት የሚመስል ለስላሳ ነገር አውጥታ የማጣጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። እኔም አፈርኩ። ግን አስተርጓሚ መሬት እያየ አያስተረጉምም።

«ካንሰር ማለት የሞት ፍርድ አይደለም ነው የምትለው» አልኩ። «ሲዘገይ ነው የሚከፋው፤ ቶሎ ከተገኘ ይድናል። እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ የጫፉ ወደ ውስጥ መግባት፣ ደም ወይም ፈሳሽ፤ ይኼን ያየች ሴት ሳትውል ሳታድር ትምጣ። ምንም ባይታይም ዕድሜዋ የደረሰ ሴት በጊዜው በማሽን ትታይ። ምርመራው በነጻ ነው።» ነርሷ የራሷን እጅ ብብቷ ሥር አስገብታ አሳየች፤ እኔም በዩኒፎርሜ ላይ እንደዚያው እያደረግኩ አሳየሁ። ሩት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፎጣ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። «ሳቂ፣ ግን እጅሽን አንሺ» አልኳት። ሳቁ ሁሉንም ትንሽ ፈታ አደረጋቸው።

ከዚያ ነርሷ ያንን ለስላሳ ነገር በተራ እንድንዳስሰው አዞረችው። ውስጡ እብጠት ተደርጎበታል፤ የት እንዳለ በጣታችን ፈልገን እንድናገኘው ነው። አንዷ አጣችው፣ ሌላዋ አገኘሁት ብላ ጮኸች። እትዬ ወሰን ጋ ሲደርስ ተቀብለው በቀስታ ዳሰሱ። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ዐይናቸውን ጨፈኑ። አጠገባቸው ያለችው ሴት ተራዋን እየጠበቀች እጇን ዘርግታለች፤ እሳቸው ግን አልሰጧትም። በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውት «ጋሪዬን ክፍት ትቼ መጣሁ» ብለው ወጡ።

ነገሩ ገባኝ። ነርሷን «አንድ ጊዜ» ብዬ ተከተልኳቸው። አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ፣ የታሰረ አንሶላ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በሩን ዘጋሁት።

«እትዬ ወሰን፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

መጀመሪያ «ምኑ?» ሊሉ ነበር። ከዚያ ተዉት።

«ከፋሲካ በፊት» አሉ። «ልክ እንደዚያ ነው ልጄ። ልክ እንደዚያ ደረቅ ያለ። አያመኝም። ስለማያመኝ ነው ዝም ያልኩት። ጸበል ስቀባው ነበር።»

«ለምን ለሰው አልተናገሩም?»

«ለማን ልናገር? ኮንትራቴ ሊያልቅ ነው። ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ የማሳድሰው በሥራዬ ነው። የታመመች ሴት ማን ይቀጥራል? ልጄ ሁለት ዓመት ይቀራታል። ደግሞ የእኛን ሰው ታውቂዋለሽ፤ ያ ክፉው ያዛት ከተባለ በቁሜ ለቅሶዬን ነው የሚቀመጠው። ቤተ ክርስቲያን ስገባ እያዘነ የሚያየኝን ዐይን አልችለውም።»

ይህን ሲሉ እንባ አልነበራቸውም።

«ለማንም አልናገርም ብለሽ በማርያም ማይልኝ» አሉ።

«አልምልም።»

«እንዴት ያለሽ ደፋር ነሽ!»

«አዎ፣ ደፋር ነኝ። እርስዎ ሳይፈቅዱ ለሰው አልናገርም። ግን ሐሙስ ከኔ ጋር ኮንሱልቶሪዮ ይሄዳሉ። ካልሄዱ በየቀኑ እዚህ ክፍል በር ላይ ቆሜ አላሳልፍዎትም። ፓኦላን ምን እንዳደረግኳት አይተዋል።»

«እሺ፣ ጽጌ ሲፈታ...»

«በሽታው ጾም አያውቅም እትዬ። ሐሙስ።»

ከዚያ ነጠላ የሚያጣፉ ይመስል የዩኒፎርማቸውን ኮሌታ አስተካክለው ተነሱ። «አንቺን ያገባ ሰው መከራውን ነው የሚያየው» አሉኝ። እሺታቸው መሆኑ ገባኝ።

ሐሙስ ሄድን። ነርሷ እንዳየቻቸው ራሷ ደውላ ሆስፒታል ቀጠሮ አስያዘችልን። በማሽን ታዩ፣ በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱን እስክንሰማ ድረስ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍናቸው ባላስታውስ ደስ ይለኛል። እሳቸው አልጋ ሲያነጥፉ አንሶላውን እንደ ጠላት ይስቡት ነበር። እኔን ምግብ አልዋጥልሽ አለኝ።

ውጤቱን የነገረችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ወረቀቱን አይታ መጀመሪያ የተናገረችው እሳቸውን እያየች ነው፤ ከዚያ ለማስተርጎም ወደኔ ዞረች። እትዬ ወሰን ግን ገና ከመጀመሪያው የሚያዩት የኔን ፊት ነበር።

«ምን አለች?» አሉኝ።

በእኛ ወግ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ እንዲህ ፊት ለፊት አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ተመካክረው ነው የሚሄዱት። ለበሽተኛ ደግሞ ጭራሽ አይነገርም። ለቤተሰብ ይነገርና እሱ ሳያውቅ ይታከማል፣ ወይም ሳያውቅ ይሞታል። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ዘመድ የለም፣ ሽማግሌ የለም፤ ያለሁት እኔ ነኝ። «ደህና ነዎት፣ ትንሽ እብጠት ናት፣ ትወጣለች አለች» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ማን ይወቅሰኛል? ሰው ሁሉ አስተዋይ ነች ይለኝ ነበር። ግን ምን እንደያዛቸው ካላወቁ፣ ነገ ሕክምናውን ለአንድ ቱርኖ ብለው ወይም ለጾም ብለው እንደሚተዉት አውቃለሁ።

እጃቸውን ያዝኩ።

«ካንሰር ነው አለች እትዬ። ትንሽ ነው፣ አልተሰራጨም። በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ከዚያ በጨረር ይታከማሉ። ይድናሉ የሚል ተስፋዋ ትልቅ ነው።»

ሐኪሟ ውሃ ቀዳች።

«የመጨረሻውን ድገሚልኝ» አሉ።

ደገምኩላቸው። አሁንም ድገሚ አሉኝ፣ አሁንም ደገምኩ። ከዚያ «መቼ ነው የምታወጣልኝ በያት» አሉ።

የቀረው የሥራው ጉዳይ ነበር። ለፓኦላ መንገር የግድ ሆነ። እትዬ ወሰን ሌሊቱን ሳይተኙ አድረው፣ ጠዋት ራሳቸው «ንገሪያት» አሉኝ። «ለሴቶቹም ንገሪ፤ ሐሜት ሆኖ ከሚሰሙት አንቺ ንገሪያቸው።» ነገርኳቸው። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ማንም አላለቀሰም፤ ከሁሉ በፊት የተናገረችው ሩት ናት። «የሳቸውን ወለል እኔ እይዛለሁ፣ የኔን ተካፈሉት» አለች።

ፓኦላ እትዬ ወሰንን አቀፈቻቸው። ዲሬቶሬው ግን ኮንትራቱ ሲያልቅ እናያለን ብሎ በአጭሩ መለሰ። ያን ዕለት ሥራችንን ጨርሰን፣ ዩኒፎርማችንን ሳንቀይር፣ ሁላችንም ቢሮው በር ላይ ቆምን። ጣሊያኖቹም፣ ፔሩዎቹም፣ ፓኦላም። አልጮኽንም። እኔ ብቻ «ሲኞር ዲሬቶሬ፣ መልሱን አሁን ነው የምንፈልገው» አልኩት። ቀና ብሎ አየን። ይታደሳል አለ፤ ያደሰው ለስድስት ወር ብቻ ነው። እስከ ዛሬ አልዋጥልሽ ያለኝ እሱ ነው። ቢሆንም ለፔርሜሶው በቃ፣ ሕክምናው እስኪያልቅም አደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እንደገና በሩ ላይ ቆመን አሳደስነው።

እትዬ ወሰን ወደ ሥራ የተመለሱት የሮም ብርድ አልፎ፣ ዛፎቹ ሲያቆጠቁጡ ነው። ከስተዋል፣ ግን ጥርት ብለዋል። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብተው ሸሚዛቸውን መፍታት ሲጀምሩ፣ ማንም ሳይነግረን ሁላችንም ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዞርን። ይሉኝታ ይዞን ነው። አንዷ ጫማዋን ታስራለች፣ ሌላዋ የታሰረ ጸጉሯን ፈትታ ታስራለች። እኔም የልብስ ሣጥኔ ውስጥ የሌለ ዕቃ እፈልጋለሁ።

«ዙሩ» አሉ።

ማንም አልዞረም።

«ዙሩ ብያለሁ! ምን እንዳታዩ ነው ግድግዳ የምታዩት?»

ዞርን። በውስጥ ልብሳቸው ቆመዋል። እኒያ ለሐኪም እንኳ ደረታቸውን ለማሳየት የተለመኑ ሴት፣ ጨርቁን በእጃቸው ገለጥ አድርገው ጠባሳውን አሳዩን። ከጡታቸው ጎን ወደ ብብታቸው የሚሄድ፣ ገና ቀላ ያለ መስመር ነው።

«ይኸው ነው» አሉ። «ይኼን ያህል ነው። ደበቅኩት፣ ልሞት ነበር፤ አወጣሁት፣ አለሁ። ያልተመረመረች ማናት?»

አንዷ ማልቀስ ጀመረች። «አልቅሺ፣ ግን ልቅሶ ቤት አይደለም፤ ቀጠሮሽን ያዢ» አሏትና ዩኒፎርማቸውን ቆለፉ። በዚያ ሳምንት ፓኦላ ቱርኖ እያቀያየረችልን ሁላችንም በተራ ሄድን። እኔም ሄድኩ። ማሽኑ ሲጫነኝ አፌን ሞልቼ ተሳደብኩ፤ ባለሙያዋ አማርኛ አለመቻሏ በጀኝ።

አሁን ያን ጊዜ ሳስበው ፍርሃቱ ይቀድመኛል። ከፋሲካ በፊት ጀምሮ እዚያው አጠገቤ፣ በአንድ አንሶላ ሁለት ጫፍ ይዘን አልጋ ስናነጥፍ፣ እሳቸው ይኼን ተሸክመው ነበር፤ እኔ አላየሁም። አንድ ዓመት ብንዘገይ ኖሮ ብዬ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል። ከፍርሃቱ ቀጥሎ ደግሞ ደስታ አለ፤ እትዬ ወሰን ዛሬም ከሩት ጋር እየተነታረኩ ምሳቸውን ያካፍሏታል፤ ልጃቸው ልትመረቅ ነው።

አዲስ ሠራተኛ በመጣች ቁጥር የአንሶላውንና የሳሙናውን ቦታ የማሳያት እኔ ነኝ። ይህን አሳይቼ ስጨርስ ስለ ጡት ካንሰርም እነግራታለሁ፤ በስሙ ጠርቼ፣ የት እንደሚኬድ፣ በየትኛው ቀን ማን ቱርኖ እንደሚለውጣት። አንዳንዷ ታፍራለች፤ አንዳንዷ ታማትባለች፤ አንዳንዷ ሰው ሰማን እያለች በሩን ታያለች። እኔ ድምፄን ዝቅ አላደርግም።